ሬጌው አጋሮ ደርሷል፣ ግጥሙስ?

በለቀማው ወቅት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚሄድ ቅጥቅጥ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ሬጌ ከፍቷል፤ ዘፋኙ ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት ይሰብካል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ደግሞ የእሸት ቡና ዋጋ ጠዋትና ማታ እንዴት እንደሚለያይ ያጫውቱኛል። “ልጄ፣ ዋጋው ሲሻል ሚዛኑ ይከፋል” አሉኝ። ከስፒከሩ የሚወጣውና ከእሳቸው አፍ የሚወጣው ወሬ ግን ለአፍታ እንኳ አልተገናኘም።

እኛና ሬጌ የቆየ ዝምድና አለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ በአማርኛ ያሰሙትን ንግግር ቦብ ማርሌይ በ1968 ዓ.ም. “ዋር” ብሎ ዘፈነው። ቃላችን ኪንግስተን ደርሶ በእንግሊዝኛ ተመለሰልን ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. የማርሌይ 60ኛ ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር አደባባዩ በሕዝብ ተሞላ። የቴዲ አፍሮ “ጃ ያስተሰርያል”ም የወጣው በዚያው የምርጫ ዓመት ነው። ይሁንና አብዛኛው የሬጌ ዘፋኛችን ምቱን ወስዶ ነገሩን በስሙ መጥራቱን ትቶታል።

ነገርን በስሙ መጥራት የደብ ግጥም ሙያ ነው። ጃማይካ ተወልዶ በ11 ዓመቱ ለንደን የገባው ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን በሬጌ ምት ላይ አይዘፍንም፤ ይናገራል። የሚናገረውም ስለ “ጭቆና” በደፈናው ሳይሆን፣ ፖሊስ ጥቁር ወጣቶችን በጥርጣሬ ብቻ ስለሚያፍስበት “ሰስ” ስለተባለው ሕግ ነው። ሕጉ በ1973 ዓ.ም. ተሽሯል፤ ግጥም ብቻውን ሻረው ባልልም። ኪንግስተን ውስጥ ደግሞ ገጣሚው ማይክል ስሚዝ በአንድ የፖለቲካ ስብሰባ ላይ ሚኒስትር ተጋፍጦ በማግስቱ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ነሐሴ 1975 ዓ.ም. ነበር።

ጅማ ለዚህ ሙያ ከባሕር ማዶ መምህር አያሻትም። ጌራርሳ ጀግናውን በስሙ ያወድሳል፣ በዳዩንም በስሙ ይወቅሳል። ረጅም ግጥም በከበሮ ምት ላይ ማውረድ ደግሞ የጅማ መንዙማ ከጥንት የተካነበት ነው። (የከተማው ሰው ይህን ባህል በበዓል ቀን ብቻ ማስታወሱ ያሳዝነኛል።) ርዕስም ሞልቷል። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ፓውንድ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ቡና ከኛ ተገኘ የሚሉት የጮጬ ገበሬዎች ከዚህ ሁሉ ከፍታ እጃቸው የገባው ምን ያህል ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ በመድረክ የሚያነሳ ገጣሚ ቢገኝ አዳራሹ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ይመስለኛል።

የዋጋ ነገር የነጋዴና የሚኒስቴር ጉዳይ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ የምጠረጥረው ግን ፍርሃትን ነው። “አንድነት” ብሎ የዘፈነ ማንንም አያስቀይምም፤ ሚዛኑን የጠራ ግን ባለሚዛኑን ያስቀይማል። ሃጫሉ ሁንዴሳ ያዜመው ሬጌ አልነበረም። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. በወጣው “ማላን ጅራ” በአዲስ አበባ ዙሪያ ከመሬቱ የተነሳውን ሕዝብ ብሶት በግልጽ አሰማ። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት የታሰረ ሰው ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። እንዲህ ያለውን ያየ የአጋሮ ወጣት ስለ ፍቅር ብቻ ልዝፈን ቢል በምን አንደበቴ እወቅሰዋለሁ?

አጋሮ ስንደርስ አዛውንቱ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ወደ ቡና ሰብሳቢው ሱቅ አቀኑ። ሾፌሩ ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያው ከፈተው።