ቲዩብ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው

ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የፓክማን መጫወቻ ማሽን ዛሬም በሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች ቤት ይሠራል፤ የሞኒተሩ ቲዩብ ግን እንደ ጨዋታው አልጠነከረም። ያንኑ የጨዋታውን ሰማያዊ ግድግዳ ቀን ከሌት ሲያሳይ በኖረ ስክሪን ላይ ምስሉ ተቃጥሎ ይቀራል፤ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ ግድግዳው ይታያል። አዲስ ቲዩብ እንደ ልብ ስለማይገኝ ጠጋኞች ልኩ የሚስማማ አሮጌ ቴሌቪዥን ፈልገው የእሱን ይገጥማሉ። ታዲያ ይህ ምኑ ኦሪጅናል ነው የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ማሽኑ ኦሪጅናልነቱን የሚያጣው ቲዩቡ ስለተቀየረ ሳይሆን ምስሉ ሳይስተካከል የጀርባው በር ስለተዘጋበት ነው።

በቲዩቡ አንገት ውስጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ይነሳሉ። ሦስቱን የሚያገጣጥሟቸው አንገቱ ላይ የተጠለቀው ዮክ የሚባል የሽቦ ጥቅልና ከኋላው ያሉት የማግኔት ቀለበቶች ናቸው፤ ልካቸውም የተያዘው ለዚያ ለአንዱ መስታወት ነው። የድሮው ዮክ ወደ ሌላ ቲዩብ ሲዛወር ያ ልክ አይሠራም። ጉድለቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የጨዋታው ገጸ ባሕርይ ፓክማን ራሱ ያሳብቃል። ቢጫው የቀይና የአረንጓዴ ድምር በመሆኑ ጨረሮቹ ትንሽ ከተሳሳቱ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ጥለት ያወጣል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞቃል፤ በስክሪኑ ውስጥ ያደረው ማግኔትነትም ይጠፋል። ቀጥሎ ቀዩ ብቻ በርቶ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀይ እስኪሆን ከቀለበቶቹ አንዳንዶቹ ይዞራሉ፣ ዮኩ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ከዚያ ሌሎቹ ቀለበቶች መሐሉን፣ በዮኩና በመስታወቱ መካከል የሚሸጎጡት የጎማ ሽብልቆች ደግሞ ዳር ዳሩን ያገጣጥማሉ። የብርሃን ተራ የመጨረሻው ነው። ችኩል ጠጋኝ ግን ገልብጦ ይጀምራል፤ ምስሉ ደብዘዝ ሲል እጁ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ብርሃን መጨመሪያው ነው። ያኔ ጥቁሩ ሜዳ አመድማ ይሆናል፣ ሰያፍ ነጫጭ መስመሮችም ብቅ ይላሉ። የፓክማን ስክሪን አብዛኛው ጥቁር ነው እኮ! ደግሞም ይህ ሞኒተር የሚገጠመው በቁሙ ነው። የመሬት ማግኔት ጨረሮቹን ስለሚጎትት ጠረጴዛ ላይ በአግድሙ የተስተካከለ ቀለም ካቢኔው ውስጥ ሲቆም ሊበላሽ ይችላል።

ከፋብሪካ ሲወጣስ ፍጹም ነበር ወይ ቢባል፣ አልነበረም፤ ዳር ላይ ጥቂት መሳት ያኔም ነበረ። ግን ቲዩቡ በቁሙ ስለቆመ ነጩ የነጥብ ቁጥርና የፍራፍሬዎቹ ምስል የሚያርፉት ጨረሮቹ ለመገጣጠም በሚቸገሩባቸው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ዳሩን ችላ ማለት እዚህ አያዋጣም። ኤልሲዲ ገጥሞ መገላገልም ለንግድ ቤት ያስኬዳል፤ ማሽኑን እንደ ቅርስ ለሚያሳይ ሙዚየም ግን ምስሉ የተሳለበትን መሣሪያ አውጥቶ መጣል ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ የአደጋው ነው። ማስተካከያው የሚደረገው ሞኒተሩ በርቶ ነው፤ ቲዩቡ ላይ ያለው ቮልቴጅ ደግሞ 20,000 ቮልት አካባቢ ነው። ይህ ለማያውቅ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ሙዚየሞች ለቲዩቡ ገንዘብ ሲመድቡ የማስተካከያውን የባለሙያ ክፍያ ለብቻው ይያዙ፤ ሥራውንም ማሽኑ ለሕዝብ በሚቆምበት ቦታ ላይ አብርተው ይረከቡ።