ጩኸቱን ከመክሰሳችሁ በፊት አዳራሹን ክፈቱ!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚሁ ልደታ ከአንዲት ጠባብ ቤት ገብተን፣ ጊታሩና ድራሙ ደረታችንን እስኪደልቀው ድረስ ቆመን ሰማን፤ ጨፈርንም። ሰኞ ጠዋት ግቢ ስንገባ የጠበቀን ሰላምታ ሳይሆን ክስ ነው። አንዱ «የፈረንጅ ቅራሪ ተግታችሁ መጣችሁ» አለን፤ ሌላው የሰይጣን ማኅበርተኞች አደረገን፤ የምናከብራቸው አንድ መምህር ደግሞ «አገር በስንት ችግር ተወጥራ ሳለ እናንተ ትጮኻላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ለስድቡ መልስ የለንም። ለመምህራችን ጥያቄ ግን መልስ አለን።

በመጀመሪያ «ባዕድ ነው» ለሚሉን። ለመሆኑ ቀረርቶ በሹክሹክታ ይባላል? ፉከራስ ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ ይፎከራል? ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ሲያስጮኸው መሣሪያው የአባቶቹ አልነበረም፤ ጩኸቱ ግን የአባቶቹ ነበር። ይህንኑ ጩኸት ሰምተው «ዘ ኤክስ» የተባሉት የሆላንድ ፓንክ ተጫዋቾች ወደ እርሱ መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም ከእርሱ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። ጌታቸው በዚያን ጊዜ 70 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እንግዲህ ማን ከማን ተማረ? የነሐስ መሣሪያውስ ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሲነፉት እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ማን እንግዳ ይለዋል?

የራሳችንንም ቤት እንመርምር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በ6 ኪሎ ግቢ የፋሽን ትርዒት በተዘጋጀ ጊዜ የዚያን ዘመን ተማሪዎች «የምዕራባውያን ባህል ወረራ» ብለው ተነሡበት፤ ለትርዒቱ የመጡትንም ሴቶች አዋከቡ። እነዚያ ተማሪዎች ለመሬት ላራሹ የታገሉ ጀግኖች ነበሩ፤ በዚያች ቀን ግን የተሟገቱት ከጭቆና ጋር ሳይሆን ከሴት ልጅ ቀሚስ ጋር ነበር። ታላላቆቻችንን የምናከብረው ስሕተታቸውን በመድገም አይደለም።

አሁን ደግሞ በራሳችን ላይ እንፍረድ። ከዚያች ቤት ስንወጣ ነጠላ የደረቡ አንዲት እናት ከበሩ ማዶ ቆመው ነበር። «ልጆቼ፣ ጭፈራውን አልጠላሁትም፤ ግድግዳዬ ግን አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሕመምተኛ አለብኝ» አሉን። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ የከነከነን ይህ ቃል ነው። ልደታ ከድምፅ ጋር የኖረ ሰፈር ነው፤ ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን የሚነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የእኛ ቤዝ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ከእናታችን ራስጌ አይነሣም። የአገራችን ደንብ ለመኖሪያ ሰፈር የፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55፣ በማታ 45 ዴሲቤል ነው። ይህን አልፈናል። መብታችን የሌላውን እንቅልፍ የሚነጥቅ ከሆነ መብት መሆኑ ይቀራል።

የጆሯችንም ነገር አለ። በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት መቆየት የሚቻል ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ያወጣው ደረጃ፣ አማካዩ ድምፅ ከ100 እንዳይበልጥ፣ የጆሮ መከላከያና ጸጥ ያለ ማረፊያ እንዲኖር ይላል። እኛ ከድምፅ ማጉያው ሥር ሁለት ሰዓት ቆመን እሑድን ሙሉ ጆሯችን ሲጮኽ ዋለ። ይህ ጀግንነት አይደለም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ጥፋቱ የቤቱ ነው እንላለን። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፤ በሩ ከሥር ሁለት ጣት ያስገባል። የቤቱ ሰዎች ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን አልብሰውታል፤ የእንቁላል ካርቶን ግን ማስተጋባቱን ጥቂት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቤዝን አያግድም። ቤዝን የሚያግድ ክብደት ያለው ግድግዳ፣ ድርብ በርና የተደፈነ ክፍተት ነው። ይህን የምንማረው እኛው ነን! በወረቀት ላይ ባለ 30 ፎቅ ሕንፃ የምንነድፍ ተማሪዎች፣ 100 ሰው ጎረቤት ሳይቀሰቅስ የሚጨፍርበትን አንድ ክፍል መሥራት ካቃተን ዲግሪያችን ለምን ይበጃል?

ከተማችንም ቤቶቿን እያጣች ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝ አምባ አብሮ ነደደ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃ ከኖረበት ቦታ ተነሣ። አንድ ትንሽ ቤት ሲጠፋ ሙዚቃው አይሞትም፤ ይልቁንም ለሙዚቃ ወዳልተሠራ ቤት ይሰደዳል፤ ከዚያም እናታችንን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል።

መምህራችን ሆይ! ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። አገር ስትቸገር ዝም ይባል ቢሉን፣ በደርግ ዘመን ሌሊቱ በሰዓት እላፊ ለዓመታት ዝም ብሎ ነበር፤ ችግሩ ግን በዝምታው አልተፈታም። በካፌያችን ተማሪው እንዴት በየቋንቋው ጠረጴዛ ለይቶ እንደሚቀመጥ እርስዎም ያያሉ። ቅዳሜ ማታ በዚያች ጠባብ ቤት ግን ጠረጴዛ አልነበረም። በካፌ ሰላም የማይባባሉ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንድ ምት ሲመቱ አየን። አንድ ምሽት አገር ያድናል አንልም። ነገር ግን ሰኞ ዕለት ከእነዚያ ልጆች ሁለቱ ምሳ አብረው በሉ። ይህን ያደረገ ስብሰባ እስካሁን አላየንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1ኛ/ ማታ ማታ ተቆልፎ የሚያድረው የግቢያችን አዳራሽ በወር አንድ ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ለሙዚቃ ይከፈት።

2ኛ/ ግድግዳውንና በሩን ድምፅ እንዳያሳልፍ አድርገን የምንሠራው እኛ እንሁን፤ መምህራን ይምሩን፤ ሥራውም ነጥብ ይያዝለት።

3ኛ/ ድምፁ በውስጥም በውጭም እየተለካ ውጤቱ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። ከልክ ካለፈ እኛው እናጥፋው።

4ኛ/ የመጀመሪያው ምሽት ከመድረሱ በፊት ማዶ ያሉት እናታችን ቤት ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ፤ ግድግዳቸው መንቀጥቀጡን መተዉንም ከእርሳቸው እንስማ።

ይህን እንቢ የሚለን ካለ፣ ምክንያቱን በዚሁ ገጽ ይጻፍልን። ሰይጣን ግን አይጥራብን፤ ከእርሱ ጋር አልተዋወቅንም። የምናውቀው አንድ የተቆለፈ በር ነው። ይከፈት!