የጣራ እንጨት ከመታዘዙ በፊት

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ዛሬ ቤት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ የሚገባው ወጣት ተጨምሯል። ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ወንድም ወይም እኅት ከደቡብ አፍሪካ በሚልከው ገንዘብ እንደሚሠሩ የማያውቅ የለም፤ ተቈጣጣሪ ሆኖ የሚቆመው ግን እዚሁ የቀረው ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ነው። መሐንዲስ የለውም፤ ያለው አንድ አናጢና አንድ የኪስ ደብተር ነው። በጣራው ላይ በከንቱ የሚጠፋው ብር የሌላ ሰው ድካም ስለሆነ፣ ነገሩን ጠንከር አድርገን ብንናገር ቅር እንደማይላችሁ እናምናለን።

የአገሩ ሽማግሌዎች ክቡን የሣር ቤት ሲሠሩ ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። እንጨቱ ከጓሮ ይቈረጣል፤ ማሰሪያው የእንሰት ቃጫ ነው፤ ማገር ቢያጥር ጎረቤት ያዋጣል፤ ትንሽ ቢጠምም ሣሩ ይሸፍነዋል። ቆርቆሮ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ አያውቅም። ተለክቶ ከፋብሪካ የመጣ ነውና ከሥሩ ያለውም እንጨት በልኩ እንዲሆንለት ይፈልጋል።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ስሕተት የቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው እንጨቱን አዝዞ ሲያበቃ ስለ ቆርቆሮው ያስባል። ቆርቆሮው በኋላ ቢገዛም እንኳ አስቀድሞ መለካት አለበት። 2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደረብ የሚሸፍነው 1 ሜትር ከ80 ነው፤ ይህ ለሁለት ሲከፈል 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የማገሩ ርቀት 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መደረቢያው ሁሉ በማገር ላይ ያርፋል፤ ሚስማሩም የሚይዘው እንጨት ያገኛል። አናጢው በዐይኑ ገምቶ 1 ሜትር ቢያደርገው ግን መደረቢያው በባዶ ላይ ይውላል፤ ነፋስም ቆርቆሮውን ማንሣት የሚጀምረው ከዚያው ነው።

አሁን እንቍጠር። ጣራው ከዳር እስከ ዳር 9 ሜትር፣ በየጎኑም ቍልቍል ሁለት ሁለት ቆርቆሮ የሚለብስ ነው እንበል። በአንዱ ጎን 5፣ በሁለቱ 10 መሥመር ማገር ያስፈልገዋል፤ በጠቅላላው 90 ሜትር መሆኑ ነው። ለማገር የሚገዛው ሞራሌ ባለ 4 ሜትር ቢሆን፣ ሒሳብ ዐዋቂው ተማሪ 90ን ለ4 አካፍሎ 23 ያዝዛል። ነገር ግን የሞራሌ መጋጠሚያ በወራጅ ላይ ካላረፈ አይጸናም። ወራጆቹ በ1 ሜትር ተኩል ርቀት የቆሙ እንደሆነ፣ ከ4 ሜትሩ የሚያገለግለው 3 ሜትር ብቻ ነው። ለያንዳንዱ መሥመር 3፣ በጠቅላላው 30 ሞራሌ ሊታዘዝ ይገባ ነበር። በጎደሉት 7 እንጨቶች ምክንያት መኪና እንደገና ይከራያል፤ አናጢውም ከነረዳቱ የቀን ሒሳቡን እየበላ ይቀመጣል። ባለ 5 ሜትር ቢገኝ ኖሮ 20 ይበቃ ነበር፤ በሜትር ሲታሰብ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ርካሹ እርሱ ነው።

አናጢዎችን ለመውቀስ አይደለም። ዐዋቂ አናጢ በቃሉ የሚናገረው ቍጥር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን ባለፈው ለሠራው ቤት ነው።

ስለ ቆርቆሮው ውፍረት አንድ ቃል እንበል፤ 28፣ 32 እና 35 ጌጅ ሲባል ቍጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሣሣል። ትልቅ ቍጥር ገዛሁ ብሎ የሚደሰት ሰው አይጠፋም።

ለወራጅ የሚሆነው ባሕር ዛፍ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ነገር ግን በርጥቡ የተመታ እንደሆነ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ዘመድ ሲሰበሰብ የቤቱ ነገር መነሣቱ አይቀርም፤ እንጨቱም መታዘዝ ያለበት በዚያው ሰሞን ነው። በኅዳር ተቈርጦ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ቢደረደር፣ ግድግዳው እስኪያልቅ ይደርቃል። ልማዱ ግን ግድግዳው ካለቀ በኋላ፣ የበልግ ዝናም ሲያስገመግም፣ ሮጦ ርጥብ እንጨት መግዛት ነው።

እንጨቱ ከአይሱዙው ላይ ሲወርድ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቍጠሩ። የጠመመውንና ጫፉ የሣሣውን ለይታችሁ መኪናው ሳይንቀሳቀስ መልሱ። ነጋዴው «ሌሎቹ ሁሉ እንዲሁ ወስደዋል» ማለቱ አይቀርም።