ስልክ መንጠቅ አንደበት መስጠት አይደለም

የነርሲንግ ተማሪዎች ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ክስ አብሮ ይነሣል፦ «ዓይናቸውን ከስልካቸው አያነሡም፤ በራሳቸው አይተማመኑም፤ ከሕመምተኛ ጋር መነጋገርም አይሆንላቸውም።» ፍርዱም ክሱን ተከትሎ ይመጣል፤ ስልኩ ይነጠቅ! ክሱ ሐሰት አይደለም። ፍርዱ ግን ስሕተት ነው።

ስማርት ስልክ ሰውን ምን ያህል እንደ ገዛው ለመለካት እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ኮርያ የወጣ፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አለ። እንዲህ ያለ መጠይቅ ስልክ ማብዛትና ዓይን አፋርነት አብረው መገኘታቸውን ሊያሳይ ይችላል፤ የትኛው የትኛውን እንደ ወለደ ግን አይነግረንም። ተማሪዋን ዓይን አፋር ያደረጋት ስልኩ ነው? ወይስ ዓይን አፋሯ ተማሪ ስልኩን መሸሸጊያ አደረገችው? ከሳሾች የፊተኛውን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ። እኔ ስለ ኋለኛው እሞግታለሁ።

እስቲ የአገራችንን ተማሪ እናስባት። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተማረች፤ በእንግሊዝኛ ተፈተነች። ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ስትገባ ግን ከፊቷ የተኙት እናት የሚያቃስቱት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛችን ደግሞ ለሕመም ስስታም አይደለም፤ ራስ ይፈልጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ቁስል ይጠዘጥዛል። እያንዳንዱ ግሥ ለሚያዳምጥ ጆሮ አንድ ፍንጭ ነው። ተማሪዋ የያዘችው ጥያቄ ግን «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ይሆናል?» የሚል ነው። እናት ግራ ይጋባሉ፤ እርሷም ትደነግጣለች። በመካከላቸው ዝምታ ይሆናል። ያን ጊዜ እጇ ወደ ጋውኗ ኪስ ይገባል።

የስልኩ በደል እዚህ ላይ ነው። በራስ መተማመን በምክር ብዛት አይገኝም፤ ጠይቆ በመሳት፣ አስተካክሎ እንደገና በመጠየቅ፣ በመጨረሻም መልስ በማግኘት ይገነባል። ያ የሚያሳፍር ዝምታ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስልኩ ግን በጓሮ በር ያስወጣታል።

ይሁን እንጂ በሩን የከፈተው ስልኩ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ፣ ሕመምተኛው አንገቱን ለማዞር እንዳይቸገር ከፊቱ ተቀምጣችሁ አነጋግሩት ብላ መክራለች። ሒልደጋርድ ፔፕላውም እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስንና የሕመምተኛን ግንኙነት የሙያው እምብርት አድርጋ አስቀምጣለች። ሁለቱም ይህን ሲጽፉ ስማርት ስልክ አልነበረም። ከሕመምተኛ ፊት መሸሽ ከስልክ በፊትም የሚመከርበት ነገር ነበረና።

እኔ በባንክ መስኮት ኋላ የምሠራ ሰው ነኝ። ቀና ሳልል ባስተናግድ ደንበኛዬ ቢቀየም ነው። በሕመምተኛ አልጋ ዘንድ ግን ያልተሰማ ቃል ያልታየ የበሽታ ምልክት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ተረቱ ወቀሳውን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። ለመሆኑ ላጎነበሰ ግንባር ማን በሽታውን ይገልጣል?

እንግዲህ ስልኩን ተዉላት፤ የመድኃኒት መጠን ታስላበት፣ የተላከላትን ጽሑፍ ታንብብበት። ነገር ግን መርፌ አወጋጓና የደም ግፊት አለካኳ በሚመዘንበት ጥብቅነት አጠያየቋና አደማመጧም ይመዘን። የሕመምን ቃላት በሕዝቡ ቋንቋ ትማር። መምህሯም አስቀድሞ የራሱን ስልክ አስቀምጦ፣ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያት።

አንቺም እኅቴ፣ አንተም ወንድሜ፤ ያን ዝምታ አትሽሹት። ጥቂት ብትታገሡት ሕመምተኛው ራሱ ይናገራል።