«እቤት ስላለህ…»

ፍሪላንስ የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ደጋግመን ሰምተነዋል። ቃሉን ብዙ ሰው ዘንድ ያደረሰው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1819 መጨረሻ ባሳተመው «አይቫንሆ» በተሰኘው ልቦለዱ ነው። ያኔ ፍሪላንስ ማለት ቋሚ ጌታ የሌለው፣ ጦሩን ይዞ ለከፈለው ሁሉ የሚዋጋ ወታደር ነበር። ዛሬ በጦሩ ፋንታ ላፕቶፕና ሞባይል መጥተዋል፤ ጌታ ማጣቱ ግን እንዳለ ነው። ሐዋሳ ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ጦረኛው በርበሬ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርቴ ጎን ለጎን፣ ከተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ሆኜ አዲስ አበባ ለሚታተሙ ጋዜጦችና መጽሔቶች እጽፋለሁ። አከራዬ (ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው) ደግ ሴት ናቸው። ግን በእሳቸው ዘንድ ሰው ሥራ አለው የሚባለው ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን ወልውሎ ከግቢ ሲወጣ ነው። እኔ አልወጣም። ስለዚህ ሥራ የለኝም። ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ብዙ ሥራ አለበት! «ልጄ፣ እቤት ስላለህ ይቺን በርበሬ ዶሮ እንዳይበትናት እያት።» «እቤት ስላለህ ውኃ ስትመጣ በርሜሏን ሙላልኝ።» «እቤት ስላለህ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ሲመጣ ክፈትለት።» አንድ ቀን ቆጥሬ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ «እቤት ስላለህ» ሰባት ጊዜ ተብያለሁ፤ የጻፍኩት ደግሞ አራት መስመር ነው።

ዶሮዎቹም ቢሆኑ ከበርበሬው አልፈው ቃለ መጠይቅ ይገባሉ። አንድ ኃላፊ ከስንት ልመና በኋላ ስልክ አንስተው ስለ ባጃጅ ታሪፍ ሲያብራሩልኝ፣ አውራ ዶሮው መስኮቴ ሥር ቆሞ ለቀቀው። ኃላፊው ንግግራቸውን አቆሙና «ይቅርታ፣ አሁን የት ነው ያለኸው?» አሉኝ። «ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው። «የዶሮ እርባታ ነው እንዴ?» ተሳሳቅን። እውነቱን ለመናገር ደህና ደህናውን የነገሩኝ ከሳቁ በኋላ ነው።

መብራት ሲጠፋ ስደቱ ወደ ካፌ ነው። አንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ማቆየት አለበት፤ አስተናጋጇ ግን «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ስትል አራተኛ ጊዜዋ ነው። ነፋሻ ይሻላል ብሎ አሞራ ገደል የሄደ ደግሞ ከጦጣ ጋር ይፋጠጣል። አርታኢ ቢያንስ የሚወስደው ከጽሑፍህ ላይ ነው፤ ጦጣ ብስኩትህንም አይምርም።

ታዲያ ለምን እቤት ትሠራለህ የሚለኝ አለ። መልሴ ቡና ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ጎረቤት ይጠራል። ውኃ ከመጣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የወጣችው ልጅ ለምን እንደወጣች መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። ይህን መግለጫ ላይ አታገኘውም።

አንዳንዶች ሰው የማያከብረን እቤት ስለምንውል ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች እቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ያኔ እነሱን ሥራ ፈት ያላቸው፣ በርበሬ ጠብቁ ያላቸው የለም። ለምን? ወር ሲደርስ ደመወዝ ይገባል፤ መታወቂያቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎደለን ቢሮ ሳይሆን ውልና መታወቂያ ነው ባይ ነኝ።

ይሄ ጉድለት ደግሞ አያስቅም። ጽሑፍህ ወጥቶ ክፍያው በሦስተኛው ወር ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ አዋጁ የሚያውቀው ግን በቅጥር የተያያዙትን ነው። የመሥሪያ ቤት ጥበቃ «ከየት ነህ?» ሲል የምታሳየው ወረቀት የለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ቢሮው አብሮ ተዘጋ፤ «የዚህ ወር ሒሳብህ» የሚለው ግን አልነበረም።

በዚህ የሚጎዳው ጸሐፊው ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ጸሐፊው ተማሮ ሲተወው፣ የሐዋሳን ጉዳይ የሚጽፈው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ለአንድ ቀን ስብሰባ አበል ተቀብሎ የሚመለስ ሰው ይሆናል። እሱ ደግሞ የአሥር ሰዓቱ ቡና ላይ የለም።

የትምህርት ክፍላችን ዜና አጻጻፍ በሚገባ ያስተምረናል። የሚያዘጋጀን ግን ዴስክና አለቃ ላለው ዜና ክፍል ነው። ከምንመረቀው ስንቱ እዚያ ይገባል? ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከዜና አጻጻፍ ኮርሱ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተወስዶ ውል እንማር፤ የጽሑፉ ርዝመት፣ ዋጋውና የሚከፈልበት ቀን ጽሑፉ ከመላኩ በፊት በጽሑፍ መያዝ እንዳለበት፣ ባይከፈልስ የት እንደሚኬድ። ሁለተኛ፣ ዘገባ ለሚሠራ ተማሪ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ በዚህ መንገድ የሚተዳደሩ ቀደምት ተመራቂዎች በየመንፈቁ እየተጋበዙ ያነጋግሩን። ሦስቱም ብዙ በጀት አይጠይቁም።

እኛ ተማሪዎችም የቤት ሥራ አለብን። «ስሜ ይውጣልኝ እንጂ ብሩ ይቅር» የሚለውን ነገር እንተው። አንዱ በነፃ ሲጽፍ የሌላውንም ዋጋ ዜሮ ያደርገዋል። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔ እንደሆንኩ እቤት ነኝ።

ቸር እንሰንብት!