ጎማውን የበላው ማን ነው?

ፒካፑ ከጋራዥ የወጣው ቁመት ጨምሮ ነው። ከኋላ ባሌስትራ ተጨምሮበታል፣ ከፊት ሞላው ላይ ወፍራም ስፔሰር ገብቶበታል፣ ጎማውም በትልቅ ተቀይሯል። ባለቤቱ ደስ ብሎታል፤ ድንጋይና ጭቃ ባለበት መንገድ ሆዱ መሬት አይነካም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ግን የፊት ጎማዎቹ በአንድ ጎን ሽቦ እስኪያወጡ ተበልተው ተገኙ። 80 ላይ ሲደርስም መሪው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ በየድርጅቱ ግቢ የታወቀ ነው፦ «ይሄ ሹፌር ጎማ ይበላል።»

ፍርዱ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ጎማም ከዶላሩ ጋር ወጥቷል። ዛሬ አራት ጎማ መቀየር ለአንድ ሹፌር የወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ጎማ በላ» የሚለው ክስ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በገዛ ፈቃዱ ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም፤ በተግባር ግን «ወይ ትከፍላለህ ወይ ቁልፉን ታስቀምጣለህ» ከተባለ ስንቱ አዋጅ ጠቅሶ ይከራከራል?

ለመሆኑ መኪና ከፍ ሲደረግ ምን ይሆናል? እንደ ሃይሉክስ ባሉ የፊት እግራቸው ለየብቻ በሚንቀሳቀስ ፒካፖች ላይ ስፔሰር ሲገባ ጎማውን የያዙት ክንዶች አንግል ይለወጣል። ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዘንበል ማለት (ካምበር) ይቀየራል፤ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩም (ቶ የሚባለው) እንዲሁ። ይህ ሁለተኛው ነው ጎማ ጨራሹ። አንድ ጎማ ከትክክለኛ አቅጣጫው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ መኪናው ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር ጎማው 17 ሜትር ያህል በጎኑ ይፋቃል። አንድ ዲግሪ ደግሞ በዐይን አይታይም። ማሽን ይፈልጋል። መኪናውን ከፍ አድርጎ አላይመንት ሳያሠራ ያስረከበ ጋራዥ ጎማውን የበላው በዚያኑ ቀን ነው፤ ሹፌሩ ገና ሞተር ሳያስነሳ።

ደግነቱ ጎማ ማን እንደበላው ራሱ ይናገራል። መሃሉ ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱም ጠርዞች ከተበሉ ነፋሱ አንሷል ወይም ጭነቱ ከልክ አልፏል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ካምበሩ ይጠረጠራል። መዳፍን በጥርሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያሳልፉ በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ ቶው ተዛብቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ጎማው መሬት ይዞ አይሄድም፣ ይዘላል ማለት ነው፤ የደከመ ሾክ አብዞርበር፣ የባላንስ ጉድለት ወይም የላላ ቦኮላ ይፈለግ። ባሌስትራ ተጨምሮበት ባዶውን የሚሮጥ ፒካፕም ይህን ምልክት ማሳየቱ አይገርምም። ሹፌር ፈጽሞ ጎማ አያበላሽም ለማለት አይደለም። ፍሬን ተይዞ ሲንሸራተት የተፋቀ አንድ ቦታ፣ ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ በኃይል የመታው ጎማ ጎኑ ላይ የሚያወጣው እብጠት፣ እነዚህ የአነዳድ ምልክቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ታይተው እንጂ ተገምተው አይደለም።

መንቀጥቀጡ ላይ ግምት ይበልጥ ይነግሣል። የተለመደው መንገድ ባላንስ፣ ካልሆነ ቴስቲና፣ ካልሆነ ኩሽኔታ እያሉ መቀያየር ነው፤ ከሦስት ዕቃ በኋላ መኪናው እንደተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ቁጥሩ ግን ብዙ ይረዳል። ቁጥሩ 265/65 የሆነ ባለ 17 ቸርኬ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ወደ አራት እጥፍ ገደማ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ችግር እጅ ላይ የሚቆጠር መርገብገብ ነው፤ የዘንጉና የክሮቸራው ችግር ወንበርና ወለል ላይ የሚሰማ ጉምጉምታ ነው። መኪና ከኋላ ከፍ ሲል የዘንጉ አንግል ስለሚቀየር ክሮቸራው ይጨነቃል። በተለይ ገና ከቆመበት ሲነሳ የሚያንቀጠቅጥ ወይም ነዳጅ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ጎሚስታ ጋ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው።

ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ምርመራም አለ። ሲንቀጠቀጥ ፍጥነቱን ሳይቀይሩ ማርሽ መቀነስ፤ መንቀጥቀጡ ካልተለወጠ ሞተሩ ነፃ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑን ዲስክ ማየት። የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ማቀያየር፤ ችግሩ ከመሪ ወደ ወንበር ከተዛወረ ጥፋቱ ጎማው ወይም ቸርኬው ላይ ነው። ከሁሉም በፊት ግን የቸርኬውን ውስጥ ማየት! በክረምት ከመስክ የተመለሰ ፒካፕ ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን መሪ ያንቀጠቅጣል። መፍትሔው ውኃ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምርመራ ዋናው መሣሪያ ታዲያ የተከሰሰው ሹፌር ነው። በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር፣ ሲጫን ይብስ እንደሆነ፣ ዳገት ላይ ወይስ ቁልቁለት ላይ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ጎማ በላህ» የተባለ ሹፌር ግን በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም። መንቀጥቀጡን ይዞ በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ 100 ላይ ይነዳል፤ ሽቦ ያወጣውን ጎማ በውስጥ በኩል አድርጎ ያስራል። ባለቤቱ የቀጣው የሚመስለው ሹፌሩን ነው፤ የጠፋው ግን መረጃው ነው፣ ጎማው ሲፈነዳ ጋቢና ውስጥ ያለው ሁሉ ዋጋ ይከፍልበታል።

ጋራዦችም መልስ አላቸው፣ መልሳቸውም ሐሰት አይደለም። ደንበኛው ለዕቃ ይከፍላል፤ ግማሽ ቀን ፈትሾ «ዕቃ አያስፈልገውም» ላለው መካኒክ ግን «ምን ሠራህና?» ይለዋል። እንዲህ ባለ ገበያ ዕቃ መቀየር ያዋጣል፣ መመርመር ያከስራል። ይህን የሚያስተካክለው ከፋዩ ነው። የምርመራውን ሒሳብ ለብቻው ይክፈል፤ በምላሹም መኪናው ከፍ ከመደረጉ በፊትና በኋላ የተለካውን የአላይመንት ወረቀት ይጠይቅ። በአውስትራሊያ ከተወሰነ ልክ በላይ ከፍ የተደረገ መኪና ያለ መሐንዲስ ማረጋገጫ መንገድ ላይ አይወጣም። እዚህ ያን ያህል ባይደረስ እንኳ ሁለት ወረቀት መጠየቅ አያቅትም።

አንድ ነገር ይቀራል። ያለ አግባብ የተበላ ጎማ አላይመንቱ ከተስተካከለ በኋላም መጮኹንና መንቀጥቀጡን ላያቆም ይችላል፤ ቅርፁ ተበላሽቷልና። ስለዚህ በማግስቱ «አልተሠራም» ብሎ መካኒኩን ከመክሰስ በፊት ያው ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ተዛውሮ ይሞከር።