የተተከለው ተቆጥሯል፤ የጸደቀውን ማን ይቁጠር? የጅማ–ደዶ መንገድ የሚነግረን

ከጅማ ተነስቶ ወደ ደዶ የወጣ ሰው ስልኩን ሳያወጣ አይመለስም። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ከፍ ይላል፤ ክረምት ከሆነ ጉሙ የመኪናው መስኮት ድረስ ይመጣል፤ ከታች ሸለቆው ተዘርግቶ ይታያል። ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ፣ ላዩ ላይ አንድ ዘፈን፣ በቃ ይለጠፋል። ላይኩም ይጎርፋል።

እኛም ቀርፀን ለጥፈን እናውቃለን። ዛሬ ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቪዲዮውን ስታዩት ቆም አድርጉትና ዛፎቹን ለዩ። ቀጥ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ሰልፈኛ የተደረደረው ባህር ዛፍ ነው። ሰፋ ብሎ ጥላ የጣለው ዋንዛ (በኦሮምኛ ወዴሳ) ወይም ብሳና (በከኒሳ) ሊሆን ይችላል። ስልኩ ለሁለቱም ያው አረንጓዴ ቀለም ነው የሚሰጠው። መሬቱና ውሃው ግን ልዩነቱን ያውቃሉ።

ጽሑፋችን ስለዚህ ልዩነት ነው። በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ቁጥር እንሰማለን። የጠፋው አገር በቀል ደን የሚመለሰው ግን በምን ሁኔታ ነው? ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ መልስ የሚሆን ነገር አለ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ

ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ የማገዶና የግንባታ እንጨት ባለቀባት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ለምን? ገበሬው ጋ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሒሳቡን በጣት ቆጥሮ ያስረዳችኋል። በአራት በአምስት ዓመት ለአጠና ይደርሳል። ከብት አይበላውም። ቆርጠህ ስትሸጠው ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል። ልጅ ሲታመም፣ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ ሠርግ ሲደርስ፣ ባህር ዛፉ እንደ ባንክ ደብተር ነው።

ወደ አገር በቀሉ ዛፍ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ዝግባ የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው። ችግኙን ማግኘትም ቀላል አይደለም። የጥቁር እንጨት ዘር ከዛፉ ከወረደ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የመብቀል አቅሙን ያጣል። የዝግባ ዘር ደግሞ ለመብቀል ጊዜ ይፈጃል። ችግኝ ጣቢያዎች ቶሎ የሚደርሰውን ማፍላት ቢመርጡ አይገርምም።

ሌላም ነገር አለ። በ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ተከልክሎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዛፎቹ እያለቁ ነበር። ገበሬው ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ትርጉም ያዘ። አገር በቀል ዛፍ ለመቁረጥና ለማጓጓዝ ፈቃድ የመጠየቅ ጣጣ አለ፤ ለባህር ዛፍ ይህን ያህል የለም። እና ሰውየው ቢያስብበት፣ ዋንዛውን አሳድጎ ሲጨርስ የመንግሥት ይሆንበታል ብሎ ቢፈራ፣ ይፈረድበታል? ስለዚህ ገበሬው ላይ ጣት መቀሰሩን እንተወው።

ታዲያ ምን ችግር አለው?

ደዶ ተዳፋት ነው። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ በደቡብ በኩል ያለው ደግሞ ወረዳውን ወደሚያዋስነው ጎጀብ ይወርዳል። የሁለቱም መጨረሻ ኦሞ ነው። ዝናቡ የተራቆተ ተዳፋት ሲመታ አፈሩም አብሮ ይሄዳል።

የት ይሄዳል? ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው። በ1996 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ ነው። ከእሱ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋ ዋቱን ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ የለውም፤ የሚሠራው በጊቤ አንድ ውሃ ነው። ስለዚህ ከደዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከቀርሳ፣ ከኦሞ ናዳ ተዳፋቶች የሚታጠበው አፈር ሐይቁ ውስጥ ሲጠራቀም፣ ጉዳዩ የአንድ ገበሬ ማሳ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። አሁን ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ስልክ ቻርጅ ያደረጋችሁበት መብራትም አለበት።

ባህር ዛፍም እኮ ሥር አለው፣ አፈር ይይዛል ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ከባዶ መሬት ይሻላል። ችግሩ ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ባህር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ ብዙም አይበቅልም። አፈሩን ከዝናብ ጠብታ የሚጠብቀው ደግሞ በብዛት ይህ መሬት ላይ የተነጠፈው ሽፋን ነው። አገር በቀል ደን ውስጥ ከላይ ዛፍ፣ ከመሃል ቁጥቋጦ፣ ከታች ሣርና የወደቀ ቅጠል አለ። ዝናቡ ሦስት ቦታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

ተዳፋትና ክረምት ሲገናኙ ምን ሊመጣ እንደሚችል ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። የዚያ ቀን አደጋ ምክንያቱ ዛፍ ብቻ ነው አንልም፤ የጣለው ዝናብ ከባድ ነበር፣ ቦታውም ገደላማ ነው። ነገር ግን በተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው የእግሩን ሥር መሬት ምን እንደያዘለት ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ቁጥሩስ?

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ 2011 ዓ.ም ወዲህ ትልልቅ ቁጥሮች ለምደናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ዕቅዱ 700 ሚሊዮን ነበር። ጠቅላላ ግቡ 50 ቢሊዮን ነው።

ይህን ሥራ ማጣጣል አንፈልግም። አንድ ትውልድ በሙሉ ችግኝ ይዞ መሬት መንካቱ ቀላል ነገር አይደለም። እኛም ተክለናል። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ትምህርት ቤት እያለን የተከልናቸው ችግኞች ዛሬ የት እንዳሉ ከእኛ መካከል የሚያውቅ የለም። ውሃ ያጠጣቸው ማን ነበር? ከብት እንዳይበላቸው ያጠረው ማን ነው? የማን ነበሩ? በተከልንበት ቀን ይህን የጠየቀ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

የችግኝ ፈተናው ደግሞ የሚመጣው ከተተከለ በኋላ ነው። በጋ ሲገባ፣ አዝመራ ተሰብስቦ ከብቱ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ። ያኔ ካሜራ የለም። የሚያድነው ባለቤት ብቻ ነው።

የጎረቤት ልምድ፦ በለጠ–ጌራ

የደዶ የምዕራብ ጎረቤት ጌራ ነው። እዚያና ሸቤ አካባቢ ያለው የበለጠ–ጌራ ደን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሙከራ ተደርጎበታል። በጃፓን የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ነዋሪዎች በየመንደሩ "ዋቡብ" የሚባል የደን አስተዳደር ማኅበር አቋቋሙ። ስምምነቱ ግልጽ ነው፦ ደኑን ትጠብቃላችሁ፣ በምላሹ በደኑ የመጠቀም መብታችሁ በፊርማ ይታወቃል። ቀጥሎም የደን ቡናቸው ከሬይንፎረስት አሊያንስ የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥ ተደረገ።

ውጤቱን የጃፓን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል አጥንተው በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ሁለት ገጽ አለው። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት ማኅበር ባላቸው መንደሮች የደን ጭፍጨፋው ከሌሎቹ ባሰ። ምናልባት ሰዉ ሕጉ ሳይጠብቅ "አሁኑኑ ልቁረጥ" ብሎ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተቀየረ። በሁለት ዓመት ድምር፣ ማኅበር ያላቸው መንደሮች ደን በአማካይ 1.5 በመቶ ጨመረ፤ የሌላቸው ደግሞ 3.3 በመቶ ቀነሰ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር የመጀመሪያው ዓመት ፎቶ እንደሚዋሽ ነው። ክፉውንም ደጉንም ያጋንናል። ሁለተኛው ነገር ደን የሚጨምረው ሚሊዮን ችግኝ ሳይተከል፣ መብቱ የማን እንደሆነ ሲለይና ጠባቂ ሲኖረው መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ በቡና ከተሞቹ ዙሪያ፣ በአጋሮም በሊሙም፣ ሰሳ፣ ዋንዛና ብሳና እስከ ዛሬ ቆመው የምታዩዋቸው ለዚሁ ነው። ለቡና ጥላ ናቸው፤ ሥራ አላቸው። ሥራ ያለው ዛፍ በቀላሉ አይቆረጥም። (ቡናም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ቡናው እንዲመች ሥር ሥሩ ሲመነጠር የነገዎቹ ዛፎች ቡቃያም አብሮ ይሄዳል።) ወደ ደዶ ከፍ ስትሉ፣ ቡና የሚሆንበትን ከፍታ ስታልፉ ግን አገር በቀሉ ዛፍ ሥራ አጥ ይሆናል። ባህር ዛፉ የነገሠው እዚያ ነው።

ሳይተከል የበቀለው፦ ሁምቦ

በደዶ በኩል አልፎ ጎጀብን የሚሻገረው መንገድ በጭዳ አድርጎ ወላይታ ሶዶ ያደርሳል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ ሁምቦን ታገኛላችሁ። በ1990ዎቹ እዚያ ያለው ተራራ ራቁቱን ነበር። ከ1998 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ነዋሪዎች በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው፣ በወርልድ ቪዥን እገዛ 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ።

ዘዴው ቀላል ነው። የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ከመሬት በታች አልሞተም። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ ከብትና መጥረቢያ ናቸው የሚመልሱት። ከከለከላችሁለት፣ ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን መርጣችሁ ሌላውን ከገረዛችሁለት፣ የድሮው ዛፍ ራሱ ይመለሳል። ሥሩ ያረጀና ጥልቅ ስለሆነ እንደ አዲስ ችግኝ በበጋ አይደርቅም። ይህን ዘዴ በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልሞበታል። የዓለም ባንክ እንደገለጸው የሁምቦ ደን ከ90 በመቶ በላይ የተመለሰው ከነበረው ጉቶ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። እዚህም ያው ነው፦ መጀመሪያ ባለቤት፣ ቀጥሎ ገቢ፣ ከዚያ ደን።

ደዶ ላይስ ምን ይቻላል?

የገበሬውን ባህር ዛፍ ንቀሉ የሚል ሰው የገበሬውን ኪስ አያውቅም። ሊጀመር የሚችለው ማንም ከማያርሰው መሬት ነው፦ ከመንገድ ዳር ገደሉ፣ ከምንጩ ራስ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከተቦረቦረው ጎርፍ መውረጃ። ዘሩም ቅርብ ነው። በመስጊድ ግቢ፣ በመቃብር ስፍራ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀሩት ትልልቅ ዛፎች የአካባቢው የዘር ባንክ ናቸው። ገቢውም ቢሆን ቡና ብቻ አይደለም። የጌራ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ንቦቹ የሚቀስሙት ከብሳና፣ ከጌተምና ከግራዋ ነው። ለደጋው ዛፍ ሥራ የሚሰጠው ቀፎ ሊሆን ይችላል። ቀፎ ደግሞ መሬት ለሌለው ወጣትም ይሆናል።

ሕጉም ከድሮው ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን የሚባል ባለቤትነት ያውቃል። ማለትም በቀበሌው ያሉ ወጣቶች ተደራጅተው አንድ ተዳፋት ቢረከቡ፣ ያሳደጉት ዛፍ የእነሱ እንዲሆን ሕጋዊ በር አለ። ጥያቄው ያንን በር በወረቀት ብቻ ሳይሆን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ መክፈት ነው። ካርታው ይሰጥ፣ ድንበሩ ይለይ፣ የመጠቀም መብቱ ይጻፍ።

ስለዚህ ቤተሰቦች፣ ክረምት መጥቶ የችግኝ ፎቶ ሲለጠፍ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የተተከለው ምን ዓይነት ዛፍ ነው? ሲያድግ የማን ነው? በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር ተመልሶ የሚቆጥረውስ ማን ነው? መልስ ካለ፣ ሼር አድርጉት፣ አመስግኑ፣ አግዙ። መልስ ከሌለ ግን ጥያቄውን እዚያው ጻፉት።

እናንተም ከዚህ ቀደም የተከላችሁበትን ቦታ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ዘንድሮ ሄዳችሁ ቁጠሩና ፎቶውን ላኩልን። የጸደቀው ሦስት ቢሆንም፣ ሦስት ብለን እንለጥፈዋለን።